የኤንኤፍኤል ቡድን ኦፌንስ ከፕሌይኦፍ በፊት ይሻሻል እንደሆነ እንዴት መለየት ይቻላል?

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የሆነው የኤንኤፍኤል መደበኛ ውድድር 18 ሳምንት ይፈጃል። እያንዳንዱ ቡድን 17 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከ32ቱ ቡድኖች 14ቱ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ያልፋሉ። ዲሴምበር ሲገባ፣ መከላከሉ ጥሩ ሆኖ ነጥብ ማስቆጠር ያቃተው ቡድን ደጋፊ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ይህ ኦፌንስ (የማጥቃቱ ክፍል) ይስተካከላል ወይስ በዚሁ ይቀራል?

ጨዋታውን በቅርቡ መከታተል ለጀመረ ሰው አንድ ነገር እናስታውስ። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል። በሦስቱ ካልተሳካለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ መትቶ ለተጋጣሚው ያስረክባል፤ ይህ ፓንት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር ሊሻሻል የሚችለው ውሳኔ ነው። ጉልበትና ፍጥነት ያው ነው። ተጫዋች የመለዋወጫው ጊዜ ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ይዘጋል። ሙሉ ትጥቅ ለብሰው የሚጋጩበት ልምምድ ደግሞ በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር ውል መሠረት በመደበኛው ውድድር በሙሉ ከ14 አይበልጥም፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ 11 ሳምንታት ያልቃል። ስለዚህ እስከ ኖቬምበር ድረስ ተጋጣሚውን መግፋት ያልቻለ ተጫዋች በዲሴምበር መግፋት አይማርም። አሰልጣኙ የሚጠራው የጨዋታ ዓይነት፣ የሚሰለፉት ሰዎች፣ ከእቅዱ የሚወጡት ነገሮች ግን በአንድ ሳምንት ሊለወጡ ይችላሉ። የሚከተሉት ደረጃዎች የቡድንዎ ችግር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይለያሉ።

ደረጃ 1፦ ያለፉትን አራት ጨዋታዎች ጥቃቶች ይመዝግቡ

የእያንዳንዱን ጨዋታ ዝርዝር መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ያገኙታል። አንድ ቡድን በጨዋታ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ያህል ኳስ ይይዛል፤ አራት ጨዋታ ሲደመር ከ40 በላይ ጥቃት ማለት ነው። እያንዳንዱ በምን እንዳለቀ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ ታችዳውን (ኳሱን እስከ መጨረሻው መስመር አድርሶ ማስቆጠር)፣ ፊልድ ጎል (በእግር መትቶ በግቡ ምሰሶዎች መካከል ማስቆጠር)፣ ፓንት፣ ኳስ መነጠቅ፣ ወይም ሰዓት አልቆ። ፓንት ከሆነ ጥቃቱን ያበላሸው የመጀመሪያው ነገር ምን እንደነበር ጎኑ ላይ ይጨምሩ። ቅጣት ሊሆን ይችላል (ኳሱ ሳይነሳ መንቀሳቀስ፣ ማለትም ፎልስ ስታርት፣ 5 ያርድ፤ ተከላካይን መያዝ፣ ማለትም ሆልዲንግ፣ 10 ያርድ ያስከፍላል)፣ ሳክ ማለትም ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ ሳይወረውር መጣሉ ሊሆን ይችላል፣ ያመለጠ ቅብብል ወይም ምንም ያላስገኘ ሩጫ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገሮችን ከቁጥሩ ያውጡ። መከላከያው ወይም ኳስ መላሹ ያስቆጠረው ታችዳውን የኦፌንሱ አይደለም። ቡድኑ በአራተኛው ሩብ በ17 ነጥብና ከዚያ በላይ እየተመራ ያገኘው ያርድም አይቆጠር፤ ተጋጣሚው ያን ጊዜ ሰዓቱ እንዲያልቅለት ሲል አጭር ቅብብል በፈቃዱ ይለቃል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ አንድ ምክንያት ጎልቶ ከወጣ ጥሩ ዜና ነው። ቅጣት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ በተለይ ፎልስ ስታርት ጉልበት ሳይጨምር በልምምድ ብቻ የሚቀንስ ጥፋት ነው።

ደረጃ 2፦ ከሦስተኛው ዳውን ይልቅ የመጀመሪያውን ይመልከቱ

ተንታኞች ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ሦስተኛ ዳውን ነው። በሊጉ አማካይ የሦስተኛ ዳውን ስኬት 40 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር የቀረውን ርቀት ይደብቃል። ሁለት ያርድ ሲቀር ከግማሽ በላይ ይሳካል፤ ከ10 ያርድ በላይ ሲቀር ከአራት ሙከራ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው። የቀረውን ርቀት የሚወስነው ደግሞ የመጀመሪያው ዳውን ነው። በመጀመሪያው ዳውን ቢያንስ 4 ያርድ ከተገኘ እንደተሳካ፣ ካልተገኘ እንዳልተሳካ ይቁጠሩ። ከዚያ ሩጫውንና ቅብብሉን ለየብቻ ያስቀምጡ።

ቡድኑ በመጀመሪያ ዳውን ደጋግሞ መሃል ለመሃል እየሮጠ አንድና ሁለት ያርድ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ በቅብብል ሲጀምር ግን ሰባትና ስምንት ያርድ የሚያገኝ ከሆነ፣ ችግሩ የአሰልጣኙ ምርጫ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ ሊስተካከል ይችላል። ሁለቱም ካልሠሩ ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ የተነጠቁትን ኳሶች ይለዩ

ፈምብልን (ከእጅ የወደቀ ኳስ) እና ኢንተርሴፕሽንን (ተጋጣሚ በአየር ላይ የያዘው ቅብብል) አንድ ላይ አይደምሩ። መሬት ላይ የወደቀ ኳስ ለየትኛው ቡድን እንደሚደርስ በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ ነው። ቡድንዎ ከጣላቸው ኳሶች አብዛኞቹን ተጋጣሚ አንስቶበት ከሆነ፣ ምንም ሳይለውጥ እንኳ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ኢንተርሴፕሽኖቹን ግን አንድ በአንድ በቪዲዮ ማየት ያስፈልጋል። ከራሱ ሪሲቨር (ቅብብል ተቀባይ) እጅ ነጥሮ የተነጠቀ ኳስ ብዙም አያሳስብ። ዘግይቶ ወደ ሜዳው መሃል የተወረወረ፣ ወይም ሁለት ሰው በከበበው ሪሲቨር ላይ በግድ የተላከ ከሆነ የውሳኔ ስህተት ነው፤ አሰልጣኙ ቀላል ምርጫ በመስጠት ሊቀንሰው ይችላል። ቡፋሎ ቢልስ በኖቬምበር 2023 አምስት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ ሳለ የኦፌንስ አሰልጣኙን ኬን ዶርሲን አሰናብቶ ጆ ብሬዲን ተካ። ኳርተርባኩ ጆሽ አለን ያው ነበር፤ ሩጫው ግን በረከተ፣ ሯጩ ጀምስ ኩክም ኳስ በብዛት ያገኝ ጀመር። ቡድኑ ከቀሩት ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱን አሸንፎ ምድቡን በ11 ድልና በ6 ሽንፈት አንደኛ ሆኖ ጨረሰ።

ደረጃ 4፦ አምስቱን የመስመር ተጫዋቾች ብቻ ይዩ

ይህ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ሥራ ነው፤ ብዙ ደጋፊ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ካሜራው ኳሱን ሲከተል እርስዎ ኳርተርባኩን ከፊት የሚጠብቁትን አምስቱን ይከተሉ፤ መሃል ያለውን ሴንተር፣ ከጎኑ ያሉትን ሁለት ጋርዶችና ዳር ያሉትን ሁለት ታክሎች። በስልክዎ የሰዓት መቁጠሪያ፣ ሴንተሩ ኳሱን ካቀበለበት ቅጽበት ጀምሮ ተከላካይ ኳርተርባኩ ጋ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ይለኩ። በሊጉ ኳርተርባኮች ኳሱን የሚለቁት በአማካይ 2.7 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከሦስት ቅብብል በአንዱ ተከላካዩ ከ2.5 ሰከንድ በፊት እየደረሰ ከሆነ ኦፌንሱ በከባድ ችግር ላይ ነው።

ቀጥሎ የተሸነፈው ማን እንደሆነ ይጻፉ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ መፍትሔ አለ፤ ታይት ኤንዱን (የሚከላከልም ቅብብል የሚቀበልም ተጫዋች) ከጎኑ ማቆም፣ ራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) ከመሮጡ በፊት ተከላካዩን በትከሻ እንዲመታ ማድረግ፣ ወይም ኳርተርባኩን ወደ ሌላው ጎን ማስሮጥ። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ታይት ኤንዱ ለመከላከል ከቀረ ቅብብል የሚቀበለው ሰው በአንድ ይጎድላል። ሁለትና ሦስት ሰው እየተሸነፈ ከሆነ እነዚህ መላዎች አይበቁም፤ በዚህ ወቅት የሚገኝ ሌላ መድኃኒትም የለም።

አንዳንዴ መፍትሔው ያሉትን ሰዎች ቦታ ማቀያየር ነው። ባልቲሞር ሬቨንስ በ2012 ያደረገው ከዚህ ሁሉ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ዲሴምበር 9 ዋሽንግተን ላይ በጭማሪ ሰዓት 31 ለ28 ተሸነፈ። 9 አሸንፎ 4 የተሸነፈ ቡድን ቢሆንም በማግስቱ የኦፌንስ አሰልጣኙን ካም ካሜሮንን አሰናብቶ ሥራውን ለጂም ካልድዌል ሰጠ። የመጀመሪያው ውጤት መጥፎ ነበር፤ በሜዳው በዴንቨር ብሮንኮስ 34 ለ17 ተሸነፈ። ፕሌይኦፍ ሲጀመር መስመሩም ተለወጠ። ተጠባባቂ ሆኖ የከረመው ብራያንት ማኪኒ ግራ ታክል ሆኖ ገባ፤ ማይክል ኦር ወደ ቀኝ ታክል፣ ኬሌቺ ኦሴሜሌ ወደ ግራ ጋርድ ተዛወሩ። ኳርተርባኩ ጆ ፍላኮ በአራቱ የፕሌይኦፍ ጨዋታዎች 11 ታችዳውን ወርውሮ አንድም ኢንተርሴፕሽን አልሰጠም። ያንኑ ዴንቨርን በራሱ ሜዳ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት 38 ለ35 አሸነፉ፤ የፍጻሜውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ላይ 34 ለ31 ወሰዱ። ከውጭ አዲስ ሰው አልመጣም፤ የተለወጠው ማን የት እንደሚቆምና ጨዋታውን ማን እንደሚጠራ ነበር።

ደረጃ 5፦ የጉዳተኞችን ዝርዝር ያንብቡ

በረጅም ጊዜ የጉዳት መዝገብ የገባ ተጫዋች ቢያንስ አራት ጨዋታ ያልፈዋል። ልምምድ ሲጀምር የ21 ቀን ጊዜ ይከፈታል፤ በዚያ ውስጥ ወደ ቡድኑ ካልተመለሰ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ 21 ቀን መቼ እንደተከፈተ ማወቅ ከማንኛውም ወሬ ይበልጣል። ሳምንታዊውን የልምምድ ሪፖርት በረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ቅደም ተከተል ያንብቡት፤ ከ«ውስን» ወደ «ሙሉ» የሄደ ተጫዋች ይሰለፋል ብሎ መገመት ይቻላል። በጭኑ የኋላ ጡንቻ ጉዳት የከረመ ሪሲቨር ግን በመጀመሪያው ጨዋታ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ይመጣል ብለው አይጠብቁ።

ደረጃ 6፦ የለውጥ ምልክት በሜዳው ላይ ይፈልጉ

እያንዳንዱ ቡድን ከ5ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ የእረፍት ሳምንት አለው። እረፍቱ ዘግይቶ የመጣለት ቡድን ራሱን ለመመርመር ጥሩ ዕድል ያገኛል። ታምፓ ቤይ በ2020 7 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ሳለ 13ኛውን ሳምንት አረፈ። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ ለቡድኑ አዲስ ነበር፤ በኮሮና ምክንያትም የበጋው ዝግጅት ተሰርዞ ነበር። ከእረፍቱ በኋላ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ተጫዋች የማንቀሳቀስና ሩጫ አስመስሎ የመወርወር ስልት በረከተ። ቡድኑ ሱፐር ቦውሉን ጨምሮ ስምንቱን ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ።

እርስዎም የሚፈልጉት እነዚህን ምልክቶች ነው። ከእረፍቱ በፊትና በኋላ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ሩጫ አስመስለው እንደወረወሩ ይቁጠሩ። ቡድኖች የመጀመሪያዎቹን 15 ሙከራዎች ገደማ አስቀድመው ጽፈው ስለሚገቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥቃቶች ለየብቻ ይዩ። በእነዚያ ጥሩ ሆኖ ኋላ የሚደክም ቡድን እቅድ አለው፤ የጎደለው ተጋጣሚው ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ነው። ሌላው ምልክት ኳስ የሚያገኙትን ሰዎች መቀነስ ነው። ካንሳስ ሲቲ በ2023 ሪሲቨሮቹ ኳስ እየጣሉ ተቸግሮ በገና ቀን በላስ ቬጋስ ሬደርስ 20 ለ14 ተሸነፈ። በፕሌይኦፍ ግን በሪሲቨሩ ራሺ ራይስ፣ በታይት ኤንዱ ትራቪስ ኬልሲና በአይሳያ ፓቼኮ ሩጫ ላይ ተደገፈ፤ መከላከያው ጠንካራ ስለነበር ያ በቃውና ዋንጫውን ወሰደ።

ኳርተርባኩ ወጣት ከሆነ ሌላ ተስፋ አለ። የግሪን ቤይ ጆርዳን ላቭ ዋና ተሰላፊ በሆነበት የመጀመሪያ ዓመት፣ 2023፣ ቡድኑ 3 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ነበር። በመጨረሻዎቹ ስምንት ጨዋታዎች ላቭ 18 ታችዳውን ወርውሮ አንድ ኢንተርሴፕሽን ብቻ ሰጠ፤ በፕሌይኦፍም ቡድኑ ዳላስን በሜዳው 48 ለ32 አሸነፈ። እንዲህ ያለ እድገት ከአሥር ዓመት በላይ ከተጫወተ ኳርተርባክ አይጠበቅም።

ደረጃ 7፦ ይፍረዱ

ጎልቶ የወጣው ምክንያት ቅጣት፣ የአሰልጣኝ ምርጫ፣ የፈምብል ዕድል ወይም አንድ ደካማ የመስመር ተጫዋች ከሆነ፣ በተጨማሪም በደረጃ 5 ወይም 6 ቢያንስ አንድ እውነተኛ ለውጥ ካዩ፣ መሻሻል ይጠብቁ። መስመሩ በሁለትና በሦስት ቦታ የሚፈርስ ከሆነ፣ ወይም ኳርተርባኩ ሰዓት እያለው ክፍት ሪሲቨር እያለፈ የሚሄድ ከሆነ፣ በመከላከያው ላይ ተስፋ ያድርጉ።

ግምቱን የሚያበላሹት ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በደካማ መከላከያ ላይ የተቆጠረ 40 ነጥብ ነው፤ ተጋጣሚው በአማካይ ስንት እንደሚቆጠርበት ሳያዩ አይደሰቱ። ሌላው የመጨረሻው ሳምንት ነው። ማለፋቸውን ያረጋገጡ ቡድኖች ዋና ተጫዋቾቻቸውን ያሳርፋሉ፤ የ2012ቱ ባልቲሞርም እንዲሁ አድርጎ በሲንሲናቲ 23 ለ17 ተሸንፎ ነው ወደ ፕሌይኦፍ የገባው። በመዝገብዎ የመጨረሻ ሆኖ መግባት ያለበት ዋናው ኳርተርባክ እስከ አራተኛው ሩብ የተጫወተበት ጨዋታ ነው።