«ሳርካስቲክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በቦታው እንዴት እንጠቀም?

መጀመሪያ ትርጉሙን ያዙ። ሳርካስቲክ የሚባለው፣ አፉ እያመሰገነ ልቡ የሚያሾፍ ንግግር ወይም ተናጋሪ ነው። ቃሉ የመጣው «ሥጋ መቦጨቅ» ከሚል የግሪክ ግስ ነውና ጥርስ አለው። «ቀልደኛ» ብሎ የተረጎመው ሰው ጥርሱን አወለቀበት ማለት ነው። «ሽሙጠኛ» ይቀርበዋል። አሽሙር ግን ትንሽ ይለያል፤ አሽሙረኛ ለጎረቤት እየተናገረ ሌላውን ይወጋል፣ ሳርካስቲክ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ለራሱ ለተወጊው ነው የሚናገረው።

ቀጥሎ ንግግሩን ፈትኑት። 40 ደቂቃ አርፍዶ ስብሰባ የገባን ሰው አለቃው «ናይስ ኦቭ ዩ ቱ ጆይን አስ» ቢለው፣ ቃሉ «እንኳን መጣህልን» ነው፤ መልእክቱ ግን «የት ነበርክ?» ነው። ቃልና መልእክት ተቃርነዋል፣ የተነካ ሰውም አለ፤ ስለዚህ ሳርካስቲክ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ ራሱ ቢቃጠል ግን ማንም ማንንም ስላልሸሞጠ «አይሮኒክ»፣ ማለትም ከሚጠበቀው ተቃራኒ የሆነ፣ ነው የሚባለው። «ሳርዶኒክ» ደግሞ መራራ ንቀት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈገግታንና ሳቅን ይገልጻል።

ሰዋስው ላይ ብዙዎች የሚስቱት ስሙንና ቅጽሉን ነው። ሽሙጡ «ሳርካዝም»፣ ሸሟጩ «ሳርካስቲክ» ነው፤ «ሂ ኢዝ ሳርካዝም» አይባልም። «ሂ ኢዝ ሳርካስቲክ» ካላችሁ ጠባዩ ነው ማለታችሁ ነው። አሁን፣ በዚህች ንግግር ብቻ ለማለት «ሂ ኢዝ ቢይንግ ሳርካስቲክ» በሉ። ይህችን «ቢይንግ» መርሳት የአንድ ቀን ሽሙጥን የዕድሜ ልክ ስም ያደርገዋል። የተሸሞጠበት ጉዳይ «አባውት»ን ያስከትላል፤ የተሸሞጠው ሰው «ዊዝ»ን። ስታነቡት «ካስ» ላይ ጠበቅ አድርጉ።

በመጨረሻ፣ ጽሑፍ ላይ ተጠንቀቁ። በቃል ሲነገር ሽሙጡን የሚያሳብቀው የድምፅ ቅላጼ ነው፤ ጎተት ይላል ወይም ስሜት አልባ ይሆናል። ጽሑፍ ይህ የለውም፣ «ታንክስ ኤ ሎት» ብቻውን እውነተኛ ምስጋናም ሽሙጥም ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች መጨረሻው ላይ እዝባርና «ኤስ» የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ለደንበኛ ወይም ለአለቃ በሚላክ ኢሜይል ግን ምልክቱም አያድንም፤ የምትፈልጉትን በቀጥታ ጻፉ።