ለኑዛዜ እንዴት እንደምዘጋጅ

ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ምስርና ባቄላ ስሸጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ለፋሲካ እናዘዝ ነበር፤ «እንደ ሰው በሐሳብም በቃልም በድያለሁ» ብዬ እወጣለሁ። ከልቤ የተናዘዝኩት ግን የዛሬ አራት ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ለመናዘዝ ለሚፈሩ የካቶሊክ ቁምስናችን (አጥቢያችን) ልጆች የምነግራቸውን እዚህም ልጻፈው።

ከዋዜማው ጀምሩ። እኔ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ዐሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ እያነበብኩ በእያንዳንዱ ላይ እቆያለሁ። «አትስረቅ» የሚለውን ሁልጊዜ ዘልዬው አልፍ ነበር፤ የሰው ቤት ሰብሬ አላውቅማ። ያን ምሽት ግን እጄ ታወሰኝ። ስመዝን ትንሿ ጣቴ የሚዛኑን ሳህን ትጫነዋለች። በኪሎ ሃምሳ ግራም ቢሆን ነው። በቀን ሠላሳ ኪሎ ስሸጥ ግን ኪሎ ተኩል የሰው ምስር እቤቴ ያድራል ማለት ነው። ስንት ዓመት!

እናንተም ኃጢአታችሁን እንዲህ በስሙ ጥሩት። ከባድ ከሆነ ዓይነቱን፣ የምታስታውሱትን ያህልም ስንት ጊዜ እንደሆነ ተናገሩ። የባላችሁን ወይም የአማታችሁን ጥፋት አትናዘዙ። ረስታችሁት የቀረ ካለ አብሮ ይሰረያል፤ ትዝ ሲላችሁ በሚቀጥለው ኑዛዜ ትናገሩታላችሁ። አውቃችሁ የደበቃችሁት ከባድ ኃጢአት ግን ኑዛዜውን በሙሉ ያበላሸዋል። እፍረት የያዛችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ካህን የሰማውን በምንም ምክንያት ለማንም አያወጣም፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተ ክርስቲያናችን ሕግም በጥብቅ ይከለክላል።

እንባ ካልመጣላችሁ አትጨነቁ፤ እኔም አላለቀስኩም። ሲኦልን ፈርቶ መጸጸት እንኳ ወደዚህ የንስሐ ምስጢር (ቅዱስ ሥርዓት) ያደርሳል፣ እግዚአብሔርን ወዶ መጸጸት ይበልጣል እንጂ። የማይቀረው ቁርጥ ሐሳብ ነው። እኔ ሚዛኑን ገዢ ሳህኑን በደንብ ወደሚያይበት በኩል አዙሬ አስቀመጥኩት።

ስናዘዝ አባ «የማንን ነው የወሰድሽው?» አሉኝ። «ስንቱን አባ፣ አላውቃቸውም» አልኩ። «የምታውቂያቸውን መልሺላቸው፤ የማታውቂያቸውን ድርሻ ለድሆች ስጪ» ብለው ሥርየቱን ሰጡኝ፤ መዝሙር 50ንም በቀኖና ጨመሩልኝ። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ (የእምነታችን ትምህርት መጽሐፍ) ቁጥር 1459 የሚለው ይህንኑ ነው፦ ኃጢአቱ ይሰረያል፣ ያደረሰው ጉዳት ግን ገና መጠገን አለበት፤ የተሰረቀው ይመለሳል፣ የጠፋው የሰው ስም ይታደሳል። በወንጌል ያለው ቀራጩ ዘኬዎስስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አላለም?

መዝሙሩን ያኑ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሳልወጣ ደገምኩ። ቀኖናን አታሳድሩ፤ ካደረ ይረሳል። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ወይም ጤናችሁ ካልፈቀደ እዚያው ተናገሩ፣ አባ በሌላ ይለውጡላችኋል።

መመለሱ ነው የከበደኝ። በየሳምንቱ ከእኔ የምትገዛ ሽሮ አዘጋጂ ነበረች። የሰረቃችሁትን ስትመልሱ ራሳችሁን መግለጥ ግዴታ የለባችሁም፤ ብቻ የወሰዳችሁት ባለቤቱ እጅ ይግባ። እኔ ግን መናገሩን መረጥኩና ሃያ ኪሎ ምስር አሸክሜ ቤቷ ሄድኩ። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቡና አፈላችልኝ፤ ለሁለት ወር ግን ከሌላ ሰው ገዛች፤ አልፈረድኩባትም። የማላውቃቸውን ድርሻ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ሳልዘጋ እመዝናለሁ፤ ሁለት ሁለት ኪሎ ነው፣ ገና አላለቀም።