የጋዝ ፋየርፕሌስ ያላችሁ፣ እነዚህን ነገሮች ተዉ

እዚህ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ላይ ብርዱ ሲጀምር የእኔ ስልክ አያርፍም። የእኛ ሰው ቤት ሊገዛ ሄዶ ሳሎኑ ውስጥ የጋዝ ፋየርፕሌስ ካየ ልቡ ይሸነፋል። ቁልፉን ሲጫኑት ቦግ ይላል። እንጨት የለ፣ አመድ የለ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ የለ። ጭስ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ ተአምር ቢመስለው አይፈረድበትም። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ጭሱ ስለማይታይ እሳት መሆኑ ይረሳል።

ይሄን የፋየርፕሌስ ጥገና ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ቤት ለቤት የማየው ስህተት ያው ነው። አንዳንዱ ያስቃል። አንዳንዱ ይገድላል። ከሚገድለው ልጀምር።

የጭስ መውጫውን መድፈን

እኛ ከንፋስ ጋር ያለን ጠብ የታወቀ ነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ከተከፈተ "ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል" የሚል አይጠፋም። አንገታችን ቢያዝ ንፋስ ነው፣ ወገባችንን ቢያመን ንፋስ ነው። አሜሪካ መጥተንም ጠቡን አልተውነውም። ፋየርፕሌስ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ብዙ የቆዩ ቤቶች ፋየርፕሌሳቸው መጀመሪያ የተሠራው ለእንጨት ነው። በኋላ አንዱ ባለቤት እንጨት መሸከም ሲሰለቸው የጋዝ ቧንቧ አስገብቶ፣ እንጨት መሳይ የሸክላ ግንዶች ደርድሮበታል። ከላይ ጭስ ማውጫው አንገት ላይ ዳምፐር የሚባል የብረት ክዳን አለ። በእንጨት ጊዜ እሳቱ ሲጠፋ ይዘጋል። በጋዝ ጊዜ ግን ምንጊዜም ክፍት መሆን አለበት። ጭራሽ እንዳይዘጋ የሚይዘው ትንሽ የብረት ማቆያም ይገጠምበታል። በዚያ ክፍተት ብርድ ይወርዳል፣ አልዋሽም። እናም አንዱ የቤቱ ሰው ማቆያውን ፈትቶ ይዘጋዋል፤ ወይም በጨርቅ ይጠቀጥቀዋል። ለማንም አይናገርም። ከሳምንት በኋላ ሌላው መጥቶ ቁልፉን ይጫናል።

አንድ ቀን "ፋየርፕሌሱ ግድግዳ እያጠቆረ ነው" ተብዬ ሄድኩ። እጄን ወደ ላይ ሰድጄ ስዳብስ ለስላሳ ነገር ነካሁ። ስስበው ጋቢ ነው። በሥርዓት ታጥፎ፣ ታችኛው ጠርዙ ተለብልቦ። የጠቀጠቁት ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ናቸው። "ምነው እማማ?" ስላቸው "ልጄ፣ አራስ ቤት እኮ ነው! ንፋስ ይግባ?" አሉኝ። ምን ይባላል? በእሳቸው ቤት ሕፃኑን እየጠበቁ ነው። ወደ ባልየው ዞሬ "የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውስ?" አልኩት። መሳቢያ ውስጥ ነው። ባትሪው ወጥቷል። ለምን? ሌሊት እየጮኸ ልጁን ስለቀሰቀሰው። ያን ቀን እናትየውን አልተቆጣሁም። ባልየውን ግን ተቆጥቻለሁ።

"ጋዝ ቢሆን ይሸተን ነበር" የሚል ሰው ሞልቷል። የሚሸተው ያልተቃጠለው ጋዝ ነው። ናቹራል ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ሲያመልጥ እንዲታወቅ ተብሎ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ኬሚካል ይጨመርበታል። ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚፈጥረው እሳቱ ራሱ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስልም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ያሳጣል። ሰውየው ጉንፋን መስሎት ብርድ ልብስ ተከናንቦ እዚያው እሳት ፊት ይተኛል። ከቤት ስትወጡ የሚተዋችሁ፣ ስትመለሱ የሚመለስ ራስ ምታት ካለ፣ በተለይ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ፣ ዝንጅብል አታፍሉ። ሁላችሁም ውጡና 911 ደውሉ።

ማንቂያውን በተመለከተ የኮሎራዶ ሕግ ግልጽ ነው። ከ2009 ጀምሮ ጋዝ የሚጠቀም ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ከእያንዳንዱ መኝታ ቤት በር በ15 ጫማ ውስጥ ማንቂያ ሊኖር ይገባል። ጩኸቱንም ለዩት። በየደቂቃው አንዴ ጢጥ የሚል ከሆነ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ዕድሜው አልቋል። ጀርባውን ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ፤ ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው። አራት ጊዜ አከታትሎ ጮሆ፣ ትንሽ አርፎ፣ እንደገና አራት ጊዜ ከጮኸ ግን ባትሪ አይደለም። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

ብርዱ ካስመረራችሁ መፍትሔ አለው። ዳይሬክት ቬንት የሚባለው ዓይነት ፊቱ በመስታወት ታሽጎ የተዘጋ ነው። ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከውጭ ይስባል፣ የተቃጠለውንም ወደ ውጭ ያስወጣል። የሳሎናችሁን አየር አይነካም። በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገባ ዓይነትም አለ። ዋጋው ይከብዳል፤ ግን ንፋስ ለሚፈራ ሰው የተሠራ ይመስላል።

ዳይሬክት ቬንት ያላችሁም አትኩራሩ። ውጭ ግድግዳው ላይ ያለውን አፉን ተመልከቱ። በ2021 ማርች ዴንቨር ላይ 27 ኢንች በረዶ ሲወርድ ስንቱ ቬንት ተቀብሮ ነበር። አካፋችሁን ይዛችሁ መኪና ከመጥረጋችሁ በፊት እሱን ጥረጉ። ቁጥቋጦ አታስጠጉበት። "ወፍ እንዳይገባ" ብላችሁ በላስቲክ አትሸፍኑት።

ቬንት የሌለው ዓይነት ደግሞ አለ። የተቃጠለውን በሙሉ ሳሎን ውስጥ ነው የሚለቀው። ኦክስጅን ሲቀንስ ራሱን የሚያጠፋበት ነገር አለው፣ እውነት ነው። ቢሆንም እኔ ቤቴ አላስገባውም።

ዕጣንና ከሰል

የሸክላው ግንድ ላይ ዕጣን የሚጥል ሰው አለ። ሽታው ደስ ይላል፣ አልክድም፤ እኔም እዚያ ቤት ሁለተኛ ስኒ ሳልጠጣ አልወጣም። ግን ዕጣን ሙጫ ነው። ግንዱ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ወደ ማቃጠያው ቀዳዳዎች ይንጠባጠባል፣ መስታወቱን ያጠቁራል። የጋዝ ፋየርፕሌስ ከጋዙ ሌላ ምንም ነገር አይቃጠልበትም። ወረቀት ቢሆን፣ የብርቱካን ልጣጭ ቢሆን፣ ምንም።

ከሰል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ጭስ ማውጫ አለው አይደል?" ብሎ ፋየርፕሌሱ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ፍሙን ለቡና የሚያቀርብ ሰው አጋጥሞኛል። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይለቃል። ደግሞ ፍሙ ረከቦቱ አጠገብ፣ ከሰው እግር ሥር ነው የሚቀመጠው። በ2021 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ ላይ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱና ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ ብዙ ሰዎች ተመርዘዋል። ከሞቱትም ውስጥ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ለጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዙ።

ከሌላ ስቴት የመጣ ዕቃ

"ዘመዴ ቨርጂኒያ ቤቱን ሲያድስ ያወጣውን በነፃ ሰጠኝ።" ይሄንን ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ናት። 1,600 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ስለምትል "እኛ ከፍታ ለምደናል" ይሉኛል። እናንተ ለምዳችኋል፤ ፋየርፕሌሱ ግን አልለመደም። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቨርጂኒያ ላይ በሚገባው መጠን ጋዝ ከገባ አየሩ አይበቃውም። በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። የቆየው የሙያ ደንብ በየ1,000 ጫማው የጋዙን መጠን በ4 በመቶ መቀነስ ነው። ለዴንቨር ሲሰላ 20 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ይሄ የሚደረገው ጋዙ የሚወጣባትን ትንሽ ቀዳዳ ያላትን የነሐስ ቁራጭ ፋብሪካው ለከፍታ ባዘጋጀው በመቀየር ነው። በድሪል በመጫወት አይደለም።

በታንክ የሚመጣው የፕሮፔንና በቧንቧ የሚመጣው የናቹራል ጋዝ ጉዳይም ያው ነው። ፕሮፔን በተመሳሳይ መጠን ከናቹራል ጋዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ሙቀት አለው። ግፊቱም ይለያል። ለናቹራል ጋዝ የተሠራውን ከፕሮፔን ታንክ ጋር ያገናኘ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ደመራ ነው ያበራው።

"የአጎቴ ልጅ ቧንቧ ያውቃል"

ያውቅ ይሆናል፤ የውሃ ቧንቧ። ውሃ ሲያፈስ ምንጣፍ ይበሰብሳል። ጋዝ ሲያፈስ ቤት ይፈርሳል።

ዘመድ የገጠመው ፋየርፕሌስ ላይ ሁልጊዜ የማገኘው ይሄ ነው። ለውሃ የሚሆነው ነጭ ቴፍሎን ቴፕ በጋዝ ቧንቧ ጥርስ ላይ ተጠምጥሟል፤ ለጋዝ የተሠራው ቢጫው ነው። ዕቃውን ከጋዝ ቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ኮኔክተር ግድግዳ በስቶ አልፏል፤ አይፈቀድም። ከአሮጌ ምድጃ የተፈታ ኮኔክተር እንደገና ተገጥሟል፤ እሱም አይፈቀድም። የቧንቧውን ውፍረት ደግሞ ማንም አያሰላም። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ 80,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው)፣ የውሃ ማሞቂያው 40,000 ይፈልጋል እንበል። በዚያው ቀጭን ቧንቧ ላይ 30,000 የሚፈልግ ፋየርፕሌስ ሲቀጠልበት በጥቅምት ሁሉም ይሠራል። ጃንዋሪ ላይ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲበሩ ፈርነሱ ይጠፋል። አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ፈርነስ ሊቀይር ገንዘብ ከፍሎ ነበር። ፈርነሱ ምንም አልነበረበትም።

ፐርሚት፣ ማለትም የከተማውን ፈቃድ፣ አውጡ። ኢንስፔክተሩ መጥቶ ቧንቧውን በግፊት ያስፈትናል። ቤቱን ስትሸጡም ይጠየቃል፣ ችግር ቢመጣም ኢንሹራንሱ ይጠይቃል። ለፐርሚት ያልከፈላችሁትን በኋላ አሥር እጥፍ ትከፍሉታላችሁ።

መገጣጠሚያው ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታየው በሳሙና ውሃ ነው። አረፋ ከሠራ ያፈሳል። በክብሪት የሚሞክር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? አለ።

ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ስልኩንም ቤት ውስጥ አትደውሉ። ወጥታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ደውሉ።

ግንዶቹን ማሳመር

የሸክላ ግንዶቹ የተቀመጡት ለውበት ብቻ አይደለም። እሳቱ የቱ ጋ እንደሚነካቸው ተለክቶ ነው። አንዱን ዞር ስታደርጉት ነበልባሉ ይመታውና ጥላሸት ይጀምራል። ከማኑዋሉ ሥዕል ጋር አስተያዩ። ከፋብሪካው ያልመጣ ጠጠር፣ ዛጎልና ድንጋይ አትጨምሩ፤ ድንጋይ ውስጡ እርጥበት ካለው ይፈነዳል።

መስታወቱ

እሳቱ ሲነድ መስታወቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። መዳህ የጀመረ ሕፃን ብርሃን አይቶ ይሄድና ሁለት መዳፉን ይለጥፋል። ከ2015 ወዲህ የተመረቱት ፊታቸው ላይ መከላከያ ወንፊት ይዘው ነው የሚመጡት። "እሳቱን ይጋርደዋል" ብላችሁ አውልቃችሁ ጋራዥ ያስቀመጣችሁት እሱ ነው። መልሱት። ነጠላና የልጅ ካልሲ ግን አታስጡበት።

ስትወለውሉት ቀዝቅዞ ይሁን። የመስኮት ማጽጃ አሞኒያ ስላለው መስታወቱን ለዘለቄታው ያደበዝዘዋል። ለፋየርፕሌስ መስታወት የሚሆን ክሬም አለ።

ቴሌቪዥን ከላይ ለመስቀል ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ማኑዋሉን አንብቡ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ግዙ።

"አልበራ አለኝ"

በጋውን ሙሉ ሳይነካ የከረመ ፋየርፕሌስ ኖቬምበር ላይ እምቢ ይላል። አንዳንዴ ሸረሪት የፓይለቷ፣ ዋናውን እሳት የምታቀጣጥለው ትንሽ ነበልባል፣ ቀዳዳ ውስጥ ድር ሠርታበት ነው። ይሄ የእኔ ሥራ ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ቢቻል ሴፕቴምበር ላይ፣ ሰው ጠርታችሁ አስጠርጉ። ሁልጊዜ የምትነድ ፓይለት ያለውን ስታቀጣጥሉ ደግሞ ቁልፉን ተጭናችሁ እስከ አንድ ደቂቃ ያዙት። ፓይለቷ በሙቀቷ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው። አምስት ሰከንድ ይዛችሁ ለቃችሁ "ተበላሽቷል" አትበሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ባትሪ ነው። የሪሞቱ ባትሪ፣ ወይም ከፋየርፕሌሱ ሥር ከክዳኑ ኋላ የተደበቀው። በረዶ እየወረደ ኦሮራ ድረስ ነድቼ መጥቼ ሁለት ባትሪ ቀይሬ የመጥሪያ ሙሉ ክፍያ ስቀበል እኔም ይከብደኛል፣ እናንተንም ያናድዳችኋል። አንድ ጋሼ "ይሄንን ያህል ለባትሪ?" ብለውኝ ቡና እንኳ ሳያቀርቡ ሸኝተውኛል። ሁለቱንም ባትሪዎች ቀይሩ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያና የጋዙ ቁልፍ መከፈታቸውን እዩ። ከዚያም እምቢ ካለ ደውሉ።