ከመክፈላችሁ በፊት መዝኑት

ሦስተኛው ፓወር ባንክ ሲሞትብኝ ነው የባነንኩት። ላዩ ላይ 50000 ሚሊአምፔር ሰዓት (የሚይዘው የቻርጅ መጠን) ተጽፎበታል፤ ስልኬን ግን አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ቀጥ አለ። የሦስቱ ብር ቢደመር አንድ ደህና ፓወር ባንክ ገዝቶ የታክሲ ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ የተጻፈውን ቁጥር ተዉትና ክብደቱን እዩ። ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ አንዷ 45 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ደህናዋ 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት ትይዛለች። 30000 ነኝ የሚለው እንግዲህ አሥር ያስፈልገዋል፣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት ማለት ነው። ስታነሱት እንደ ባዶ የሳሙና ዕቃ ከቀለላችሁ መልሱለት። እኔ አሁን ከሱቁ አጠገብ ያለችዋን ቲማቲም ሻጭ ሚዛን ተውሼ ነው የምገዛው። ሻጩ ይስቃል፤ ይሳቅ። በነገራችን ላይ ትክክለኛ 10000 የሆነውም ስልኩ ጋ ሲደርስ 6000 ምናምን ነው። ባትሪው 3.7 ቮልት ሆኖ የሚያወጣው 5 ቮልት ስለሆነ፣ ሲቀየርም የሚባክን ስላለ ነው እንጂ ሻጩ አላታለላችሁም።

ዲቫይደር ስትገዙ ገመዱን በጣታችሁ ጨበጥ አድርጉት። እንደ ቻርጀር ገመድ ከቀጠነ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ይሁን፣ ምድጃ አትሰኩበት። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚችለው 2200 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ምጣድ የራሱ መስመር ይዘርጋለት። አንድ ጎረቤቴ ቤት ከእንጀራው በፊት ዲቫይደሩ በስሏል።

የቀን የስልክ ጥቅል የምትገዙ፣ አንድ ወር ሙሉ የቆረጠባችሁን ደምሩና ከወርኃዊው ጋር አስተያዩት። እኔ ደምሬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

ጃንጥላ ሰኔ ሳይገባ ግዙ። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ሻጩ እየበሰበሳችሁ መሆኑን እያየ ነው ዋጋ የሚጠራው፣ እናንተም ከፍታችሁ ዘንጉን ሳታዩ ከፍላችሁ ትሮጣላችሁ።

ጫማ ላይ ሶሉን ጠርዙ ጋ ላላ ለማድረግ ሞክሩ። በማስቲሽ ብቻ ከተለጠፈ አፉን እስኪከፍት አትጠብቁ፣ የገዛችሁበት ቀን ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ዙሪያውን አሰፉት። ባለፈው አዲሱን ከነካርቶኑ ይዤ ስሄድ ሰፊው «ከመቼው?» ብሎኝ ነበር። አሁን ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል።