የምክር ቤት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ስታቋቁሙ ከአቤቱታው መንገድ ጀምሩ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ከአንድ ወዳጄ ጋር ዓሣ እየበላን ነበር። ወዳጄ የምክር ቤት አባል ነው። የአባላትን ሥነ ምግባር የሚከታተል ኮሚቴ አደራጅ ተብሎ ሥራው እሱ ላይ ወድቋል። ዳጣ እንዳይነካበት ከፍ አድርጎ ይዞ 32 ገጽ ረቂቅ ደንብ አሳየኝ። መግቢያው ስለ ታማኝነት፣ ስለ ቅንነት፣ ስለ ሕዝብ አገልጋይነት ያወራል። ያምራል።

«እሺ» አልኩት፤ «አንድ አባል የምክር ቤቱን የጽዳት ሠራተኛ ሰደባት እንበል። ሰኞ ጠዋት አቤቱታዋን ለማን ትሰጣለች?»

ገጾቹን አገላበጠ። «ለአፈ ጉባኤው።»

«የሰደባት አፈ ጉባኤው ከሆነስ?»

ዝም አለ። አጠገባችን አንድ አባ ኮዳ የሚባል ወፍ ቆሞ የዓሣ አጥንት ይጠብቃል፤ እኔም መልስ እጠብቃለሁ። አባ ኮዳው ቀድሞኝ የፈለገውን አገኘ።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ይህ ሥራ ለተጣለባቸው ሰዎች ነው። ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ስለኖርኩ ኮሚቴዎች ሲወለዱም ሲሞቱም አይቻለሁ። አቤቱታ ከሰው እጅ ወጥቶ ውሳኔ እስኪሆን በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ቀድሞ ያሰበበት ሰው ስለሌለ ነው ብዙዎቹ የሚሞቱት። መርህማ ሞልቷል።

በደብዳቤ የተቋቋመ በደብዳቤ ይፈርሳል

ኮሚቴው በምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ፣ በድምፅ፣ በደንብ ይቋቋም። አፈ ጉባኤው በፈረመው ደብዳቤ አትጀምሩ። ደብዳቤው ቶሎ ያልቃል፣ ስብሰባ አይፈልግም፣ ደስ ይላል፤ ግን የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ የመጣ ዕለት ሌላ ደብዳቤ ይጻፍና ኮሚቴው «ለጊዜው» ይቆማል። ለጊዜው የቆመ ኮሚቴ ሲመለስ እስካሁን አላየሁም።

ከዜሮ መጻፍም የለባችሁም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የራሱ የአሠራርና የአባላት የሥነ ምግባር ደንብ አለው። እሱንና የክልላችሁን ምክር ቤት ደንብ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ቃል በቃል አትገልብጡ። ለ547 መቀመጫ የተሠራ አሠራር ለትንሽ የከተማ ምክር ቤት ይሰፋዋል።

ምን አይመለከተውም?

ይህን ከሁሉም በፊት ጻፉት። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5 የምክር ቤቱ አባል በስብሰባ ላይ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰስ፣ አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ይናገራል። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሐሳቡ ግን ለማንኛውም ምክር ቤት ይሠራል። ሰው በጀት ተቃወመ ብላችሁ፣ ከፓርቲው መስመር ወጣ ብላችሁ፣ ከንቲባውን አፋጠጠ ብላችሁ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አትላኩት። አንዴ ከተላከ ኮሚቴው ዱላ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጥፋት ቢመጣ እንኳ «የፖለቲካ ነው» ይባላል።

የሚመለከተው ሌላ ነው፦ የጥቅም ግጭትን መደበቅ፣ ስጦታ መቀበል፣ የምክር ቤቱን መኪና ለሠርግ ማጀቢያ ማሰለፍ፣ ሠራተኛ ላይ መጮህና መዛት፣ ፆታዊ ትንኮሳ፣ ያለ ምክንያት ከስብሰባ መቅረት። ሀብት ማስመዝገብም እዚህ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ተመራጮች ሀብታቸውን ማሳወቅና ማስመዝገብ አለባቸው፤ ኮሚቴው ቢያንስ ማን እንዳስመዘገበና ማን እንዳላስመዘገበ መጠየቅ ይችላል። የወንጀል ሽታ ያለውን ነገር ግን ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፀረ ሙስና አካል አስተላልፉ። ኮሚቴ ፖሊስ ልሁን ሲል ማስረጃ ያበላሻል።

ሦስት እጅ

አቤቱታ የሚቀበለው፣ የሚመረምረውና የሚወስነው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ምክሬን አንድ ነገር ብቻ አድርጉት ካላችሁኝ ይህንን ነው የምመርጠው።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት ቃለ ጉባኤ በምይዝበት ምክር ቤት አንዲት ሠራተኛ በአንድ አባል ላይ አቤቱታ አስገባች። ሁለት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተቀበላት። የተከሳሹ የሠርግ ሚዜ የነበረው ሰው ማለት ነው። እሱው ተቀበለ፣ እሱው «አጣራለሁ» አለ፣ እሱው አጀንዳ ያዥ ነበር። በየስብሰባው «የተላለፉ ጉዳዮች» በሚለው ሥር አንድ መስመር እጽፍ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ያንኑ መስመር። ወረቀቱ ከመሳቢያው አልወጣም። ልጅቷ በመጨረሻ ሥራ ለቀቀች። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወዳጁን መመርመር ከበደው። አሠራሩ ያንን ሸክም እሱ ላይ መጣል አልነበረበትም። እኔም መስመሩን ከመጻፍ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

እንግሊዞች ይህን የተማሩት በውርደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አባላት ገንዘብ ተቀብለው ፓርላማ ውስጥ ጥያቄ ይጠይቃሉ የሚል ቅሌት ፈነዳ። በማግስቱ ዓመት በሎርድ ኖላን የሚመራው ኮሚቴ ሪፖርቱን አወጣና የፓርላማው የሥነ ምግባር ኮሚሽነር የሚባል ሥራ ተፈጠረ። አሁን ኮሚሽነሩ ይመረምራል፣ የፓርላማው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ግኝቱን አይቶ ቅጣት ያቀርባል፣ እገዳ ከሆነ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ትንኮሳና ማስፈራራት ደግሞ ከ2020 ወዲህ አባላት ወደማይቀመጡበት ገለልተኛ ፓነል ይሄዳል።

እናንተ ኮሚሽነር መቅጠሪያ በጀት የላችሁም። አውቃለሁ። አቤቱታውን የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል ይቀበል፣ ቁጥር ይስጥ፣ ማህተም አድርጎ ቅጂውን ለአቤት ባዩ ይመልስ። መርማሪው ከውጭ የሚጋበዝ ሰው ይሁን፦ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አበል ክፈሉት። በነፃ የሚሠራ ሰው ሥራው ሲበዛበት መቅረቱ አይቀርም።

ማን ይቀመጥ?

የአሜሪካ የታችኛው ምክር ቤት የሥነ ምግባር ኮሚቴ መቀመጫ ለሁለቱ ፓርቲዎች እኩል የተከፈለ ነው፤ አምስት ለአምስት። አንድ ፓርቲ አብላጫውን ወንበር በያዘበት ምክር ቤት ይህን ቀመር መገልበጥ አስቸጋሪ ነው። የእንግሊዙ ይቀርባል፦ ሰባት የፓርላማ አባላት፣ ሰባት ደግሞ ፓርላማ ውስጥ የሌሉ ተራ ዜጎች። ዜጎቹ መጀመሪያ ድምፅ አልነበራቸውም፤ እየተቀመጡ ያዳምጣሉ፣ አስተያየት ይሰጣሉ። በኋላ ድምፅ ተሰጣቸው። እናንተ ከመጀመሪያው ስጧቸው። አራት አባልና ሦስት የውጭ ሰው ለከተማ ምክር ቤት ይበቃል። ከውጭዎቹ አንዱ የእድር ዳኛ ቢሆን አልጠላም፤ እድር የመራ ሰው ሰው እያለቀሰም እየተቆጣም ማዳመጥ ይችላል።

ሴቶች ከግማሽ ባያንሱ ይመረጣል። የትንኮሳ አቤቱታ ይዛ የመጣች ልጅ ሰባት ወንድ ፊት እንድትቆም አታድርጉ።

ከዚያ የመገለል ደንብ። «የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ራሱን ያገላል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ በእኛ አገር ማን ከማን ጋር እንደማይዛመድ ማግኘት ነው የሚከብደው። በቅጹ ላይ አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ጋብቻ አላችሁ? አበልጅ ናችሁ? ሚዜው ነበርክ? አብራችሁ ትነግዳላችሁ? ብድር አለባችሁ? አንዱ ላይ «አዎ» ያለ ሰው ለዚያ ጉዳይ ተነሥቶ ይወጣል፤ ተለዋጭ አባል ይተካዋል። ስለዚህ ሁለት ተለዋጭ ቀድማችሁ ምረጡ።

አቤቱታው እንዴት ይሂድ?

ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፣ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ይናገር፣ መዝገብ ክፍል ጽፎ ያንብብለት፣ ከዚያ ያስፈርመው። ስም የሌለበት ጥቆማም ተቀበሉ፤ ነገር ግን ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ በስተቀር በእሱ ብቻ ሰው አትቅጡ። ቀን ቁረጡ። እኔ የምመክረው፦ በአምስት የሥራ ቀን ደረሰኝ የሚል መልስ፣ በ30 ቀን የመርማሪ ሪፖርት፣ በ60 ቀን ውሳኔ። ቀኑ ካለፈ ጉዳዩ ያለ ማንም ፈቃድ በቀጥታ የሙሉ ጉባኤው አጀንዳ ይሆናል ብላችሁ ጻፉ። የኛ ምክር ቤት ይቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትኖረው ኖሮ ያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይከርምም ነበር።

የተከሰሰው አባል የተጻፈበትን ያንብብ፣ መልሱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ምስክር ያቅርብ። ሲዳማዎች በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሲቀመጡ «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ነገሩ በደንብ ሳይሰማ ወደ ፍርድ አይኬድም፣ የሚፈለገውም ሐላሌ፣ እውነቱ ነው። ይህን ልማድ ለኮሚቴው የሥነ ሥርዓት ክፍል መግቢያ ብታደርጉት ከ32ቱ ገጽ የበለጠ ሰው ይገባዋል።

ግን አደራ፣ ኮሚቴውን ራሱን ወደ ሽምግልና አትለውጡት። በስድብና በቂም የተጣሉ ሁለት አባላትን ማስታረቅ ጥሩ ነው። የተተነኮሰች ሠራተኛን ግን «እሱም የቤተሰብ አባወራ ነው፣ ልጄ፣ ይቅር በይው» ብሎ ቡና አስጠጥቶ መሸኘት ነገሩን መቅበር ነው። በረቂቁ ላይ በግልጽ አስቀምጡት፦ ትንኮሳ፣ ዛቻና ጉቦ በእርቅ አይዘጉም።

ቅጣት

ደረጃ ይኑረው። ማስጠንቀቂያ፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ፣ የወሰደውን መመለስ፣ ከቋሚ ኮሚቴ ኃላፊነት ማንሣት፣ ለተወሰነ ጊዜ እገዳ። ከወንበሩ ጨርሶ ማንሣት ግን የመራጩ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይላል፣ ዝርዝሩን ለሕግ ይተዋል። እንግሊዞች ሁለቱን አገናኝተዋቸዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ አንድ አባል አሥር የስብሰባ ቀን ከታገደ በምርጫ ክልሉ ፊርማ ይሰበሰባል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከመራጩ አሥር በመቶው ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከዚያው አገር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦወን ፓተርሰን የሚባል አባል ለሚከፍሉት ሁለት ኩባንያዎች ባለሥልጣናትን ወትውቷል ተብሎ ኮሚቴው የ30 የስብሰባ ቀን እገዳ አቀረበ። መንግሥት ምን አደረገ? ቅጣቱ ይቆይና መጀመሪያ አሠራሩ ራሱ ይፈተሽ ብሎ አብላጫ ድምፁን ተጠቀመ። ድምፁም አለፈ። አገሩ በቁጣ ነደደ፣ በማግስቱ መንግሥት ወደ ኋላ አለ፣ ሰውየው ሥራውን ለቀቀ፣ ፓርቲው በማሟያ ምርጫው ወንበሩን ተነጠቀ። ስለዚህ ይህን ጨምሩ፦ ደንቡ ቢሻሻል ማሻሻያው የተጀመረን ጉዳይ አይነካም።

መርሆቹስ? መጨረሻ ላይ ጻፏቸው። የኖላን ኮሚቴ ሰባት ነው ያወጣው፣ ሁሉም ግማሽ ገጽ ላይ ያልቃሉ።

ወዳጄ ትናንት ደወለልኝ። ረቂቁ 11 ገጽ ሆኗል፣ የመጀመሪያው ገጽ የአቤቱታ ቅጹ ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቶታል፦ መግቢያው በር ላይ የሚሰቀለውን የጥቆማ ሣጥን ቁልፍ ማን ይያዝ? የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት እንዴት እንደሚከፈት ታውቃለህ አልኩት። ሳቀ። ሦስት ቁልፍ ሊያሠራ ነው፤ አንዱ መዝገብ ክፍል፣ አንዱ ከውጭ አባላቱ ዘንድ፣ አንዱ ደግሞ ከኮሚቴው ፀሐፊ ጋር ይሆናል። ለአፈ ጉባኤው አልተሰጠም።