በሜዳ ላይ ለሚደረግ የሠርግ ሥነ ሥርዓት ያማረ ፎቶግራፍ እንዴት ይነሣል?

በሱሉልታ ሜዳ፣ በእንጦጦ ወገብ ወይም በለገጣፎና በሰበታ ግቢዎች ውስጥ የሚደረግ ሠርግ ለፎቶግራፍ አንሺ ከአዳራሽ ሠርግ በብዙ ይለያል። አዳራሽ ውስጥ መብራቱን ያዞሩታል፣ ያበሩታል፣ ያጠፉታል፤ ሜዳ ላይ ግን ብርሃኑ የፀሐይ ነውና እርሷን «ትንሽ ወደዚህ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ሰዎቹን፣ ወንበሮቹንና ሰዓቱን ለእርሷ ማመቻቸት ነው፤ ይህም በአብዛኛው የሚያልቀው ከሠርጉ ቀን በፊት ነው።

በመጀመሪያ፣ ሠርጉ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሥነ ሥርዓቱ በሚካሄድበት ሰዓት ቦታው ድረስ ሄደው ይቁሙበት። ጠዋት ያዩት ጥላ ከሰዓት በኋላ በሌላ በኩል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ መንገድ እንደ ወቅቱ ይለያያል፦ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ እኩለ ቀን ላይም ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን ግን አናት ላይ ወጥታ የሙሽሮቹን ዓይን በቅንድባቸው ጥላ ትሸፍነዋለች። ይህን ማወቅ ለቦታ ምርጫ ይጠቅማል። ለምሳሌ ከእንጦጦ ላይ ከተማዋን ከሙሽሮቹ ጀርባ አድርጎ ማንሣት የብዙዎች ምኞት ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ወደ ደቡብ ስለሚዞር በጥር ፀሐይን ፊት ለፊት ይገጥማታል፣ ከተማዋ በጭጋግ ትዋጣለች፣ የሙሽሮቹም ፊት ይጠቁራል። ከወጨጫ ተራራ በስተምሥራቅ ባለ ቦታ ደግሞ ፀሐይ ከተጠበቀው ሰዓት ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትገባለች።

ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጥላ ፍለጋ ሙሽሮችን ባሕር ዛፍ መካከል ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቅጠሉ ሳሳ ያለ በመሆኑ ብርሃኑ በቅጠሎቹ መካከል እየሾለከ ቬሎውንና ፊትን ነብር ያስመስላል። ከደኑ ውስጥ ሳይሆን ከደኑ ዳር፣ ጥላው አንድ ወጥ በሆነበት፣ ፊታቸውን ወደ ክፍት ሜዳው አድርገው ያቁሟቸው። ጥቅጥቅ ያለ ጽድ ወይም ዝግባ ከተገኘ ከባሕር ዛፍ ይሻላል።

ቀጥሎ ስለ ሰዓቱ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገሩ። በጥር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ብርሃን ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ለስላሳው ብርሃን ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ መጥለቂያዋ ድረስ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ጥሪ ወረቀት ላይ 10 ሰዓት ተኩል ተብሎ ከተጻፈ ሙሽሮቹ ከጨለመ በኋላ ቢመጡ ሊገርምዎ አይገባም፤ እኔ ለመድረክ መሪውና ለሚዜዎቹ ሁልጊዜ 9 ሰዓት እላለሁ፣ እስካሁንም ማንም በ9 ሰዓት መጥቶ አላሳፈረኝም።

ድንኳኑን አስቀድመው ይዩት። ነጭ ሸራ ጠንካራውን ፀሐይ አለስልሶ ስለሚያሳልፍ ለፎቶግራፍ ባለውለታ ነው፤ ባለቀለም ሸራ ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ በራሱ ቀለም ይነክራል። አንድ ጊዜ ለገጣፎ አካባቢ የተከራየውን ድንኳን ሳላይ ሄጄ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር የሙሽሪት ፊት እንደ በረደው ሰው ሰማያዊ፣ ነጩ ጥበብም የሆስፒታል ጋዋን መስሎ ወጣ። ሁለት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ብደክምም ፊቱን ሳስተካክል ልብሱ፣ ልብሱን ሳስተካክል ፊቱ እየተበላሸ አስቸገረኝ። ስለዚህ ሸራውን ማስቀየር ካልተቻለ፣ ቀለበትና ኬክ ቆረሳው ከድንኳኑ ውጭ ወይም አፋፉ ላይ እንዲሆን ይጠይቁ።

በዕለቱ ካሜራውን ሲያዘጋጁ ዋናው ፈተና የሚሆነው የነጭ ልብስ፣ የጥቁር ሱፍና የጠይም ፊት በአንድ ፍሬም መገኘት ነው። ካሜራው ለብቻው ከተተወ ወይ ፊቱን ያጠቁረዋል ወይ የሀበሻ ቀሚሱን ጥለትና የፈትሉን መስመር አጥፍቶ ባዶ ነጭ ያደርገዋል። በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳያቀናብር ሙሉ መረጃውን በሚያስቀምጥበት ዓይነት) ያንሡ፤ መጋለጡን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) የጥበቡ ፈትል እስኪታይ ድረስ ዝቅ አድርገው፣ ፊትን በሪፍሌክተር (ብርሃን በሚመልስ ሰሌዳ) ወይም በደካማ ፍላሽ ያብሩት። አካባቢያችን ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ጠራና ፀሐዩ የሚጥለው ጥላ ጠንከር ያለ ነው፤ ያለ ፍላሽ በቀን የወጣ ሰው ይህን ሳይዘገይ ይረዳዋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ወይም 200፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ሰው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከ1/500 ሰከንድ የማይዘገይ፣ ለሁለቱ ብቻ ሲሆን አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) 2.8 አካባቢ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ለቤተሰብ ፎቶ ከ5.6 እስከ 8 ካልሆነ የኋላ ረድፍ ያሉት አጎቶች ይደበዝዛሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅጽበት የወላጆች ጉልበት የሚሳምበት ነው። ብዙ ፎቶግራፍ አንሺ ከሙሽሪት ጀርባ ስለሚቆም የሚያገኘው የቬሎ ጀርባና የእናት አገጭ ብቻ ነው። እርስዎ ከእናትየው ወንበር ጎን፣ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብለው በአንድ ጉልበትዎ ይንበርከኩ። ሙሽሪት ስታጎነብስ አያንሡ፤ እናት የልጇን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ቀና ስታደርጋት፣ ሁለቱ ፊቶች በአንድ ስንዝር ርቀት ሲተያዩ ነው ጣትዎን መጫን ያለብዎት። ይህ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም፣ እንባውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። የሚያስቸግረው በዚያው ሰዓት ስልክ ይዞ የሚከበው ዘመድ ነው፤ የመድረክ መሪው አስቀድሞ በትሕትና «እባካችሁ አንድ ሜትር ወደ ኋላ» እንዲልልዎ ያስማሙት፤ ከእርስዎ ይልቅ እርሱ ቢናገር ማንም አይቀየምም።

ሥነ ሥርዓቱ በቤተ ክርስቲያን ከተጀመረ ደግሞ ፍላሽ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነና እስከ የት መጠጋት እንደሚቻል ካህናቱን ቀድመው ይጠይቁ። ድሮን ለማብረር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ያለ ፈቃድ ይዘው አይሂዱ።

ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ቬሎውን የሚይዝ አንድ ሚዜ ይመድቡ፤ ነፋሱ ቬሎውን ወደ ሙሽራው ሲወስደው ግን ይተዉት፣ ያማረው ፎቶ እርሱ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ቢደክምዎም እንኳ የካሜራውን ካርድ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ይገልብጡት፤ ባለቤቶቹ ፎቶውን እስኪረከቡ ድረስም ካርዱን አያጥፉት።