ሴት ውሻን መቼ እናምክን? የሰውነት ግዝፈትና የካንሰር ስጋት

ሴት ውሻን ማምከን መውለዷን ከማስቀረቱም በላይ በካንሰር የመያዝ ዕድሏን ይለውጣል። ለውጡ ግን ለሁሉም ውሻ አንድ ስላልሆነ፣ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ግዝፈቷን፣ ዕድሜዋንና አኗኗሯን አንድ ላይ ይመዝኑ።

በሴት ውሾች ላይ ከሚበዙት ካንሰሮች አንዱ የጡት ካንሰር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ድራት (ሴቷ ወንድ ከምትፈልግበት ወቅት) በፊት እንዲመክኑ የተደረጉት ውሾች ስጋት ካልመከኑት አንጻር 0.5 በመቶ ብቻ መሆኑን፣ ከአንድ ድራት በኋላ ወደ 8፣ ከሁለት በኋላ ደግሞ ወደ 26 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በኋላ የተደረጉ ግምገማዎች ማስረጃው ደካማ ነው ስላሉ፣ እኔም ቁጥሩን ከአቅጣጫ ጠቋሚነት አላሳልፈውም።

በደብረ ማርቆስ ወይም በዳንግላ ዙሪያ ቀን ታስራ ሌሊት ለጥበቃ የምትለቀቅ፣ መካከለኛ አካል ያላት የአገር ውሻ ከሆነች፣ ከመጀመሪያው ድራት በፊት፣ በ6 ወር ገደማ ቢያመክኗት ይሻላል ባይ ነኝ። ልቅ ውሾች ሲገናኙ በንክኪ የሚተላለፍ የብልት ካንሰር አለና፣ መምከኗ የዚህንም ስጋት ይቀንስላታል፤ ከብልቷ ደም የሚያንጠባጥብ እብጠት ካዩ ግን በመርፌ መድኃኒት የሚድን ስለሆነ ተስፋ አይቁረጡ።

ለጀርመን ሸፐርድና ለሮትዋይለር አልቸኩልም። የአጥንት ካንሰር በዋናነት የግዙፍ ዝርያዎች በሽታ ሲሆን፣ በአንድ ጥናት ዓመት ሳይሞላቸው ከመከኑ ሮትዋይለሮች ከአራቱ አንዱ ገደማ ተይዘውበታል፤ ጀርመን ሸፐርድም ገና በልጅነቱ ሲመክን የመገጣጠሚያ ሕመም ይበዛበታል። እድገታቸው እስኪያበቃ ይጠብቁ፤ እስከዚያው በድራት ወቅት ግቢውን ይዝጉ።

ለኮርማ የሚያገለግለው ቡርዲዞ (የማኮላሻ መቆንጠጫ) እዚህ ቦታ የለውም። ሥራው ሆድ ተከፍቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነውና፣ በክሊኒኩ ሙሉ ማደንዘዣ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ስፌቱ እስኪወጣ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ቁስሏን እንዳትልስና እንዳትሮጥ ይጠብቋት።

መከነችም አልመከነችም፣ በየወሩ በጀርባዋ አስተኝተው ጡቶቿን ከደረት እስከ ጭን ሥር በጣት ጫፍ አንድ በአንድ ይዳስሱ፤ እብጠቱ በብዛት የሚወጣው በኋለኞቹ ጡቶች ላይ ስለሆነ እዚያ ይቆዩ። የአተር ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ካገኙ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳታልፍ የወጣች ዕጢ የመዳን ዕድሏ የተሻለ ነውና፣ «ትሟሟለች» ብለው ሳይጠብቁ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።